ለማድ ቤቱ የማስተምረው ሒሳብ

ሥራውን በደንብ ከሠራ ሥራውን የሚያጣ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አስጠኚ ነኝ። ተማሪዬ ያለ እኔ ማጥናት የቻለች ቀን ተሳክቶልኛል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ማን በር ይከፍትልኛል? ይህን ከጎሮ እስከ አያት ታክሲ ውስጥ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። መልሱ ጋ ሳልደርስ፣ ወራጅ አለ።

ተማሪዬ ሶልያና ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። መጀመሪያ ሰሞን እርሳሷን ትይዝና ፊቴን ታያለች። ጥያቄውን ሳይሆን ፊቴን። ቅንድቤ ከፍ ካለ መልሷን ታጠፋለች፣ ካልተነቃነቀ ታሰምርበታለች። የምታጠናው ሒሳብ ሳይሆን እኔን መሆኑ ሲገባኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ ዝም ማለት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ተነጫነጨች። በሁለተኛው ሳምንት የመጽሐፉን ምሳሌ ራሷ ገልጣ ታነብ ጀመር።

ዝምታዬን ግን ሌላም ሰው ሰምቶታል። እናቷ ወይዘሮ ለተብርሃን ጓሮ ካለው ማድ ቤት ሆነው ነው የሚከታተሉን፤ የምናጠናበት ክፍል መስኮት ወደዚያ ይከፈታል። ልጅ ያስጠናችሁ ታውቁታላችሁ፤ የአስጠኚው ድምፅ ከተሰማ ትምህርት አለ፣ ካልተሰማ የለም።

«እኔ የቀጠርኩህ እንድትናገር ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ዝም የሚልማ አባቷም አለ። እንዲህ ከሆነ ለሚኒስትሪው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ምን ላድርግ? መናገር ጀመርኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ወደ መስኮቱ። ሶልያና አንገቷን ደፍታ የራሷን ትሠራለች፣ እኔ ማድ ቤቱን አስተምራለሁ። አንድ ቀን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትቀዳኝ ጀመር።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለመድገም ነው፣ ቲቸር። አንተ ቀጥል።»

ቀጠልኩ።

ያለፈው ቅዳሜ መንገዱ ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ስልኬም ባትሪ ጨርሷል። ወትሮ በሩን የምትከፍትልኝ ሶልያና ናት፤ ባንኳኳ ባንኳኳ አልመጣችም። በመጨረሻ ወይዘሮ ለተብርሃን ሽንኩርት የነካ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ፣ ከፈቱ፣ እዚያው ደርቀው ቀሩ።

«ታዲያ ውስጥ ያለው ማነው?»

አዳመጥኩ። ከጓሮ የሚመጣው ድምፅ የኔ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ዞረን ከመስኮቱ ሥር ቆምን። ስልኩ ውስጥ ያለሁት እኔ፣ በሙሉ ልብ፣ «ሁለት ኔጋቲቭ ቁጥሮች ሲባዙ ውጤቱ ኔጋቲቭ ነው» አልኩ። ድምፄ ተቋረጠ።

«አይደለም፣ ቲቸር» አለች ሶልያና፣ ብቻዋን። ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። «ይኸው፣ ፖዘቲቭ ነው። ቀስ በል እንጂ።» ከዚያ አስቀጠለችኝ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ እኔ ዞሩ። «ድሮም ትሳሳት ነበር?»

የተሳሳትኩት ለእርስዎ ስናገር ነው ልላቸው አማረኝ። «አልፎ አልፎ» አልኩ።

በቃ ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን ሳነግት፣ ከማድ ቤት በርጩማ አምጥተው ሰጡኝ።

«አሁን እንዳትገባ» አሉ በሹክሹክታ። «ትጨርስ።»

ተቀመጥኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስናገርና ስታረም ራሴን ሰማሁ። እዚህ ያለሁት ሥራ ላይ ነኝ ወይስ እዚያ ያለሁት? አስተማርኳት ወይስ ከእኔ አመለጠች? እሳቸው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ጆሯቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የኔን ድምፅ ትቶ የልጃቸውን ይጠብቅ ነበር።

ስወጣ «ማክሰኞ እንዳትቀር» አሉኝ። መጥቼ ምን እንደምሠራ አልነገሩኝም።

ማክሰኞ እሄዳለሁ። ጥቂት ስህተቶች አዘጋጅቻለሁ።