ስለሚያንጎራጉር ልብ የተሰጠ ይፋዊ ማብራሪያ

የሰው ልጅ የገዛ ሕመሙን በባዕድ ቋንቋ መስማት በጀመረበት ዘመን፣ ይኸውም በፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠና ስድስት፣ በአሜሪካ፣ በኮሎምበስ ከተማ ፎረስት ፓርክ አካባቢ ያለች አንዲት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን «የሕክምና ቃላት ትርጉምና ማብራሪያ ኮሚቴ» አቋቁማ ለወገን ደረሰች። ሊቀ መንበሩ ጋሼ ጀማነህ ናቸው። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የአንሶላ ጋሪ ሲገፉ አራት ዓመት ስለኖሩ ለሕክምና ያላቸው ቅርበት አያጠያይቅም፤ ከስንቱ ዶክተር ጋር በአንድ ኤሌቬተር ወጥተዋል፣ ወርደዋል።

የኮሚቴው ውጤትም በዓይን የሚታይ ነው። አቶ ብዙነህ ደም ብዛት ይዟቸው ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ሊቀ መንበሩ አብረው ሄደው «ብዙ ደም አላቸው» ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱላቸው። ነርሷ ከልብ አመስግና ወደ ደም መለገሻው ክፍል ወሰደቻቸው። ታመው የሄዱት ሰው በጎ አድራጊ ሆነው ተመለሱ። ከዚህ የበለጠ ምን ፈውስ አለ?

እንግዲህ እትዬ ላቀች በዚህ ኮሚቴ ቢተማመኑ ማን ይፈርድባቸዋል? የልጅ ልጃቸው ሔርሞን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቷ ልትሮጥ ነበር። ሯጮቹን ያየው ሐኪም ግን «ሃርት መርመር» የሚል ወረቀት ሰጥቶ ላካት።

እናቷ ሳራ ወረቀቱን አንብባ፣ «ልቧ ሲመታ ትንሽ ድምፅ አለው ማለት ነው እማዬ። ብዙ ልጅ ላይ ይታያል። ሐሙስ የልብ ሐኪም ያያታል፤ እሱ እሺ ካለ ትሮጣለች» ብላ ወደ ሥራዋ በረረች።

ድምፅ! እትዬ ላቀች ጆሯቸውን ልጅቷ ደረት ላይ ለጥፈው ዋሉ።

«ግራንድማ፣ ጭንቅላትሽ ከባድ ነው!»

«ዝም በይ እስቲ፣ እየሰማሁ ነው።»

ረቡዕ ዕለት ልጅቷን ይዘው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ።

«ጋሼ ጀማነህ፣ እኔማ ‹መርምር› የሚል መሰለኝ። ልቧን መርምሩ ማለቱ ይሆን?»

«እትዬ ላቀች፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኮሚቴ ለምን ያስፈልግ ነበር?» ጋሼ ጀማነህ መዝገበ ቃላቱን ገለጡ። «መርመር፣ መርመር... ይኸው! ማጉረምረም። ማንጎራጎር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የልጅቷ ልብ ያንጎራጉራል።»

«በማን ላይ?»

«እሱን ወረቀቱ አይገልጽም። እስራኤል በምድረ በዳ ያንጎራጎሩ ጊዜ የደረሰባቸውን ግን ያውቃሉ።»

«ኧረ ዘጠኝ ዓመቷ ነው!»

«ኮሚቴው የዕድሜ ገደብ የለውም። ነይ ልጄ፣ በልብሽ ምን ትያለሽ? አትፍሪ።»

ሔርሞን አሰበች። «መሮጥ እፈልጋለሁ እላለሁ። ኤንድ... እሁድ እሁድ ያንተ ሪፖርት ቱ ሎንግ ነው፤ አያልቅም።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወዲያውም ከዚህ የሚከተለው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ተላለፈ፦ «ሕመምተኛዋ በኮሚቴው ላይ የምታንጎራጉር መሆኗ በራሷ አንደበት ስለተረጋገጠ፣ ጉዳዩ ከልብ ሐኪም ሥልጣን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የሐሙሱ ቀጠሮ ይሰረዝ፤ ሩጫውም ይቅር።»

እትዬ ላቀች እጅ ነሥተው ወጡ። ኮሚቴውን መድፈር አልፈለጉም፤ ግን ያ ድምፅ እውነት የበሽታ ቢሆንስ? መዝገበ ቃላት ይዞ የልጅ ልብ የሚያክም የት አለ? ሐሙስ ጠዋት ከሳራ ቀድመው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ሐኪሙ አዳመጠ። አስተኝቶ አዳመጠ፣ አስቀምጦ አዳመጠ። እትዬ ላቀች የቦርሳቸውን እጀታ ጨምቀው ሊበጥሱት ደረሱ። በመጨረሻ ፈገግ ብሎ «ኢኖሰንት መርመር» አለ።

«ምን አለ? ሳራ፣ ምን አለ?»

«ጉዳት የሌለው ድምፅ ነው እማዬ። ጤነኛ ናት፣ ትሩጥ ነው የሚለው።»

«ቃሉስ? ቃሉ ምን ማለት ነው?»

«ቃሉማ... ንጹሕ፣ ወንጀል የሌለበት።»

እትዬ ላቀች ሐኪሙን አገላብጠው ሳሙት።

ቅዳሜ ሔርሞን ሮጠች። ከስምንት ልጆች አምስተኛ ወጣች፤ ምክንያቱም ሌላው ወላጅ ሁሉ «ፍጠኚ!» እያለ ሲጮኽ፣ አያቷ ከዳር እስከ ዳር «ቀስ በይ! ቀስ!» እያሉ ይከተሏት ነበር።

እሁድ እትዬ ላቀች የሐኪሙን ወረቀት ለሊቀ መንበሩ አስረከቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ ጋሼ ጀማነህ ግን መድረክ ላይ ወጡ።

«ወገኖች፣ ሳይንስ ኮሚቴያችንን አረጋገጠ! ልጅቷ ማንጎራጎሯን ሐኪሙም አልካደም፤ ንጹሕ ማንጎራጎር ነው አለ እንጂ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በኮሚቴው ላይ ማንጎራጎር የሚፈቀደው፣ ንጹሕ ለመሆኑ የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ ነው!»

ከጉባኤው መሀል አንዲት ሴት ተነሡ፤ የሊቀ መንበሩ ባለቤት፣ እትዬ ማዘንጊያ።

«እትዬ ላቀች፣ የዚያን ሐኪም ስልክ እስቲ ይስጡኝ።»

ከኋላቸው እስክሪብቶ ያለው አወጣ፤ የሌለው ከጎኑ ተዋሰ። እትዬ ላቀችም የቀጠሮ ካርዱን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ማንም እንዳያመልጠው ብለው፣ ቁጥሩን ጮክ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።