መስታወቱ ላይ የተሰቀለው ካፖርት

[የመስሚያ መሣሪያ መሸጫ ቤት የኋላ ክፍል። ግድግዳው የውጭ ድምፅ እንዳያስገባ በስፖንጅ ተለብጧል። አንድ ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳው መስታወት አዙሮ ተቀምጧል፤ ደንበኞች መሣሪያውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን የሚያዩበት መስታወት ነው። ከወንበሩ ጀርባ ጠረጴዛና የጆሮ መለኪያ ማሽን አለ። ባለሙያው «ሊቁ» ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ከሥሩ ሆኖ ሙያውን የሚማረው የሚስቱ ወንድም ደግሞ «ዝግታው» ነው፤ ይህንንም ያወጣው ሊቁ ነው። ዝግታው የዛሬውን ፈተና ካለፈ ነገ የራሱን ደንበኛ ይለካል፤ ከወደቀ ወደ አጎቱ ብየዳ ቤት ይመለሳል።]

ሊቁ፦ አንሳው አልኩህ!

ዝግታው፦ አላነሳም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ መስታወት ላይ ካፖርት ይሰቀላል? በሩ ጋ ያለው መስቀያ ምን ሊሠራ ነው የቆመው?

ዝግታው፦ እዚህ ስቀል ተብያለሁ።

ሊቁ፦ ማነው ያለህ?

ዝግታው፦ ከእርስዎ የሚበልጥ ሰው።

ሊቁ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ አለ?

ዝግታው፦ [ዞር ዞር ብሎ አይቶ] እዚህ ክፍል ውስጥ እንኳ የለም።

ሊቁ፦ ጎሽ! ይንጠልጠል በቃ፣ ጊዜዬን አትብላ። የመጀመሪያው ሕግ ምንድን ነው?

ዝግታው፦ እጅ መታጠብ።

ሊቁ፦ ሁለተኛው!

ዝግታው፦ እጅ ማድረቅ።

ሊቁ፦ ኧረ በሕግ! ደንበኛው ጀርባውን ይሰጥሃል። ለምን?

ዝግታው፦ ተቀይሞኝ?

ሊቁ፦ ቁልፉን ስትጫን እንዳያይህ ነዋ! ድምፁን ሲሰማ ጣቱን ያነሳል። እጅህን ካየ ግን የለካኸው ዓይኑን ነው እንጂ ጆሮውን አይደለም። ጆሮው መድከሙን የማያውቅ ሰውስ በምን ይታወቃል?

ዝግታው፦ እሱ ካላወቀ እኔ በምን አውቃለሁ?

ሊቁ፦ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ያላክካል! «ሰዉ ያጉተመትማል፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል። እንዲያው አጉተምታሚም አይጠፋም፤ እህትህ ራሷ ሰሞኑን እቤት ውስጥ ማንሾካሾክ ጀምራለች።

ዝግታው፦ እህቴ? ትናንት «እራት ቀርቧል» ስትልዎት እኔ እኮ ፌርማታ ላይ ሆኜ ሰምቻት ነው የመጣሁት።

ሊቁ፦ ያንተ ጆሮ ወሬ ለቃሚ ነው። [ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ይቀመጣል] በየዓመቱ እዚሁ ወንበር ላይ ተለክቼ አንድም ድምፅ ስቼ አላውቅም። ዛሬ ከሳትኩ ጥፋቱ ያንተ ነው። ጀምር!

[ዝግታው ወፍራሙን ድምፅ ይጫናል፤ ሊቁ ጣቱን ያነሳል። ዝግታው ቀጭኑን ይጫናል፤ ሊቁ ካፖርቱ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።]

ሊቁ፦ ተጫን እንጂ!

ዝግታው፦ ተጫንኩ።

ሊቁ፦ አልተጫንክም።

ዝግታው፦ [ይጫናል] አሁንስ?

ሊቁ፦ አሁን ምን?

ዝግታው፦ በሌላ ጣት ልሞክር?

ሊቁ፦ ከፈለግህ በእግርህ ሞክር!

[ዝግታው በአውራ ጣቱ፣ በክርኑ፣ በመጨረሻም በአገጩ ይጫናል።]

ሊቁ፦ የት ጠፋህ? እንቅልፍ ወሰደህ?

ዝግታው፦ [እንደተደፋ] በአገጬ እየተጫንኩ ነው፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ማሽኑን ገደልከው ማለት ነው! [ማዳመጫውን አውልቆ ይሰጠዋል] እንካ፣ ራስህ ስማው!

ዝግታው፦ [አድርጎ ይጫናል] ኧረ ይጮኻል! ልክ እንደ ትንኝ።

ሊቁ፦ የሚጮኸው ምኞትህ ነው! ወድቀሃል። ካፖርትህን ይዘህ ወደ ብየዳህ!

[ዝግታው ካፖርቱን ከመስታወቱ ላይ ያወርዳል።]

ዝግታው፦ ጋሼ፣ በእህቴ ይዤዎታለሁ። አንዴ ብቻ።

ሊቁ፦ [እየተነጫነጨ ማዳመጫውን ይደፋል] አንዴ!

[ዝግታው ይጫናል፤ ሊቁ ጣቱን ያነሳል። ይጫናል፤ ያነሳል። ይጫናል፤ ያነሳል።]

ሊቁ፦ አየህ? ሲቆጡህ ሰው ትሆናለህ! አልፈሃል!

[ዝግታው በደስታ ሲፈነድቅ ቁልፉ ላይ አንዲት ዝንብ ታርፋለች። በጣቱ ያባርራታል። ሊቁ ጣቱን ያነሳል።]

ዝግታው፦ ጋሼ... አሁን ምን ሰሙ?

ሊቁ፦ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ።

ዝግታው፦ ዝንብ ነው ያባረርኩት።

ሊቁ፦ ...የዝንቧን ሰምቼ ይሆናላ!

[ዝግታው ካፖርቱን ቀስ ብሎ መልሶ መስታወቱ ላይ ይሰቅላል። ይጫናል። ደግሞ ይጫናል። የሊቁ ጣት ጉልበቱ ላይ እንደተኛ ነው።]

ሊቁ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እየተጫንክ ነው?

ዝግታው፦ እየተጫንኩ ነው።

ሊቁ፦ በጣትህ?

ዝግታው፦ በጣቴ።

ሊቁ፦ [ማዳመጫውን አውልቆ ካፖርቱን ያያል] ይኸን ሁሉ ዓመት... በዚያ መስታወት የሚጫነውን ጣት ነበር የማየው?

ዝግታው፦ አይዞዎት፣ ጋሼ። ነገ ደንበኛ ትለካለህ ብለውኝ የለ? በጠዋት ይምጡልኝ፤ እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ እጠብቅዎታለሁ።

ሊቁ፦ እሺ። ብቻ አደራህን፣ ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል!

ዝግታው፦ እንዴ ጋሼ! ካፖርቱን እዚያ ስቀል ያለችኝ እኮ እሷ ናት። «የፈለገውን ያህል ቢጮህብህ እንዳታነሳው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።