ክቡር አንድ-ነገር-ብቻ

በዓለም ላይ እሳቸው የሌሉበት ስብሰባ የለም። ካለም ስብሰባ አይባልም፤ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ተለያዩ ነው የሚባለው። ሰብሳቢው “እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ…” ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ሲያነሱ፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን እጅጌ ሲፈልግ፣ ልክ ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትነሣለች።

“አንድ ነገር ብቻ።”

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። የእናንተ ምናልባት ወፍራም ናቸው፣ ወይም ሴት ናቸው፣ ወይም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። የእኔ ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። እኔ ደግሞ በከተማው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው የሚናገረውን ሁሉ እጽፋለሁ፣ እኔ ግን አልናገርም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። የምካሰው ቤት ስገባ ነው፤ ካላመናችሁ ባለቤቴን ጠይቁት።

ቢሯችን በዓመት የእግረኛ መንገድ የሚሠራው ለሦስት ጎዳናዎች ብቻ ነው። የሚጠይቁት ሰባ ሰማንያ ናቸው። ስለዚህ ነጥብ የሚባል ነገር አለ። አጠገቡ ትምህርት ቤት ያለው ይኼን ያህል፣ ጤና ጣቢያ ያለው ይኼን ያህል፣ መኪና ሰው የገጨበት ይኼን ያህል። ይቺን የመጨረሻዋን ስጽፍ ሁሌም እጄ ይከብደኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእግረኛ ቆጠራው ነው። አንድ ሠራተኛ ወንበር ይዞ መንገዱ ዳር ይቀመጥና፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በእጁ በያዛት ማሽን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይቆጥራል። ሁለት መቶ ከሞላ ጎዳናው ያልፋል። ካልሞላ ለከርሞ ይባላል።

ክቡርነታቸው የሚሟገቱለት ከወፍጮ ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለውን ስድስት መቶ አርባ ሜትር ነው። ቤታቸውም እዚያው ላይ ነው። በግራ አጥር፣ በቀኝ አጥር፣ ከአጥሩ ሥር አፉን የከፈተ ቦይ፣ መሃል ላይ የአሸዋ መኪና።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ያቺ “አንድ ነገር” አርባ ደቂቃ ፈጀች። አንዷ ነገር ውስጥ አራት ነገሮች ነበሩ፣ አራተኛዋ ደግሞ “ሀ” እና “ለ” ነበራት። ድምፃቸውማ አይነሣ! አጠገባቸው ላለው ሰው የሚናገሩት ማዶ እንዳለ ነው። ጎናቸው የነበረው ሰውዬ ወንበሩን እየጎተተ እየጎተተ በር ላይ ደረሰ።

“ጋሼ፣ እንሰማዎታለን እኮ” አለቻቸው ኢንጂነሯ። የቢሯችን ኃላፊና ሰብሳቢ እሷ ናት፤ ደግ ሰው ናት፣ ግን ይደክማታል።

“ይቅርታ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው” አሉና የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ጨምረው ጮኹት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ጻፊያት፣ የኔ ልጅ። እንዳትቀር።”

ጻፍኩ። “አንድ ነዋሪ ስለ መንገዱ አስተያየት ሰጡ።” አርባ ደቂቃ ጩኸት በስድስት ቃል። በሙያዬ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነበር።

ቆጣሪ ሠራተኛችን ወንበሩን ይዞ ሄዶ ተቀመጠ። ስልሳ ሦስት ሰው። “ሰው አይሄድበትማ ጋሼ፣ ምን ላድርግ?” አለች ኢንጂነሯ። በደንቡ አንድ ጊዜ ዳግም ቆጠራ ስለሚፈቀድ ሁለተኛ ቀን ተቆረጠ። ሰፈሩ ቀኑን ሰማ። ሰማ ስላችሁ፣ በዚያን ቀን ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ለሠርግ የተጠራ ሰው ነበር የሚመስለው። ሁለት መቶ አሥራ አራት!

ኢንጂነሯ ውጤቱን በደስታ አነበበች። አዳራሹ አጨበጨበ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ በፉጨት አቀለጠው። ቦርሳዎች ተነሱ፣ ኮቶች ተለበሱ። እጅ ተነሣች።

“አንድ ነገር ብቻ።”

“ጋሼ! አልፏል እኮ! መንገድዎ አልፏል!”

“እሱን ልልሽ ነው ልጄ። ቁጥሩ ልክ አይደለም። ደጃፌ ላይ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻውን አሥራ አንድ ጊዜ አልፏል። ሦስቴ ኮፍያ ቀይሯል።”

“ኧረ ጋሼ! ምነው ምን አደረግኩዎት?” አለ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ።

“ዳቦ ሻጯ ስምንት ጊዜ፣ ስምንቱንም ጊዜ ያቺኑ አንድ ዳቦ ይዛ። ደጋግሞ ያለፈውን ሁሉ ስቀንስ ሰባ አንድ ሰው ነው የሚቀረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ቆጣሪ ላይ እጄን አስገብቼ አላውቅም። በጡረታዬ አልጀምርም።”

ጉድ ፈላ! አዳራሹ ተናወጠ። ዳቦ ሻጯ በቁሟ አለቀሰች። ፀጉር አስተካካዩ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎን ፀጉር ከነካሁ እጄ ይሰበር ብሎ ማለ፤ ምሎም አልቀረ፣ ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው ቆብ አድርገው ይመጡ ጀመር። እኔም ልቤ ውልቅ ብሎ ነበር። ስንት ስብሰባ ያሰቃዩን ሰውዬ ያገኙትን በገዛ እጃቸው ሲጥሉት ምን ይባላል? ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፣ ቀስ ብዬ ግን።

እሳቸው አልተቀመጡም።

“አልጨረስኩም። ቆጣሪ ዜሮ ሲያነብ ነገሩ ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፣ ወይ መስመሩ ተዘግቷል። እኔ ዜሮ ጽፌ ሄጄ አላውቅም። በሩን አንኳኳለሁ፣ ‘ውሃ አላችሁ ወይ?’ እላለሁ። እናንተ ግን ያልወጣውን ሰው ዜሮ ጻፋችሁና ወንበራችሁን አጥፋችሁ ሄዳችሁ።”

“ታዲያ መንገድ ያልወጣን ሰው በምን እንቁጠረው ጋሼ?”

“በር በማንኳኳት።”

“ማን ያንኳኳል? ሠራተኛ የለኝም።”

“እኔ አለሁ” አሉ ክቡርነታቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። በቆጣሪ አንባቢነታቸው ዘመን የሚይዙትን ዓይነት ጥቁር ረጅም መዝገብ አንግበዋል። ላዩ ላይ “ከቤት የቀሩ” የሚል ተጽፎበታል። ውስጡ በማስመሪያ ተሰምሯል፦ የቤት ቁጥር፣ ማን፣ ወዴት ይሄድ ነበር፣ ለምን ቀረ። እንደ ልማዳቸው ሁሉ ሰው ሊነሳ ሲል እጃቸውን አወጡና ማንበብ ጀመሩ።

“ቤት ቁጥር አራት። ጡረተኛ አስተማሪ። ወደ ቤተ መጻሕፍት። ዓይናቸው ስለደከመ ቦዩን ይፈራሉ። ቤት ቁጥር ዘጠኝ። መንታ ልጆች። ወደ ትምህርት ቤት፣ ሦስት መቶ እርምጃ። አባታቸው በመኪና ነው የሚያደርሳቸው፣ እሱም በየቀኑ ሥራ ይረፍድበታል። ቤት ቁጥር አሥራ ሁለት…”

መጀመሪያ ሰው ተነጫነጨ። ኋላ አንድ በአንድ መቀመጥ ጀመረ።

“ቤት ቁጥር ሃያ ስድስት። የፀጉር አስተካካዩ እናት። ወደ ልጃቸው ሱቅ፣ ሁለት መቶ እርምጃ። ቦይ ውስጥ ከወደቁ ወዲህ ቀሩ። ልጃቸው ሱቅ ከከፈተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሲሠራ አይተውት አያውቁም።”

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። ንባቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ፣ ኮቱን የለበሰ ግን አልነበረም። ሲጨርሱ “ድምር መቶ ሃምሳ ስምንት። ከሰባ አንዱ ጋር ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ” አሉና መዝገቡን እኔ ፊት አኖሩት። “ገልብጪልኝ፣ የኔ ልጅ። እንዳትቀር።”

እኔ ደግሞ ሥራዬ ነውና ሲያነቡ ምልክት እያደረግኩ ስቆጥር ነበር። ያነበቡት መቶ ሃምሳ ሰባት ነው። ሰውዬው ግን ቁጥር አይስቱም፤ ለቁጥር ሲሉ ፀጉር አስተካካያቸውን ያጡ ሰው ናቸው። በማግስቱ ስገለብጥ መጨረሻው ገጽ ላይ ያላነበቧትን መስመር አገኘኋት።

“ቤት ቁጥር፦ የራሴ። ማን፦ ባለቤቴ። ወዴት፦ ወደ ሁሉም ቦታ። ለምን፦ መኪና ከኋላዋ ሲመጣ አትሰማም። ከእኔ ጋር ካልሆነ አትወጣም።”

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ስለዚያ መንገድ ስንት ገጽ ጽፌያለሁ፣ ረግጬው ግን አላውቅም ነበር። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ ሄድኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ራሳቸው ብቅ አሉ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው። እሷ ከፊት፣ አጥሩን ተጠግታ፤ እሳቸው አንድ እርምጃ ከኋላ፣ የሹራቧን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው። የአሸዋ መኪና ሲመጣ ሹራቡን ሳብ አደረጉት። እሷም ቆመች፣ አጥሩ ላይ ተለጠፈች፣ መኪናው አለፈ፣ ቀጠሉ።

“ዘበኛው ነው የምንላቸው” አለኝ ፀጉር አስተካካዩ። “አንዴ ሲስቡ መኪና መጣ ነው፣ ሁለቴ ሲስቡ ደግሞ ሰው ሰላም እያለሽ ነው ማለት ነው። እኛ ስንስቅባቸው ኖርን።”

“አያወሩም እንዴ?”

“በምን ያውሩ እህቴ? እሷ የምትሰማው በዓይኗ ነው፣ ከንፈር አይታ። ቤት ውስጥ ያወራሉ። የቀረችዋን ትንሽ ጆሮ ፍለጋ እንዴት እንደሚጮሁላት እኛው ጎረቤቶቹ እንመስክር። መንገድ ላይ ግን ጀርባዋን እያዩ ምን ይበሏት?”

“ጎን ለጎን ቢሄዱስ?”

እሱ ቦዩን አየ፣ ከዚያ የአሸዋውን መኪና አየ። ያ ስንቀልድበት የኖርነው ጩኸት፣ ለካ ለእኛ አልነበረም።

ኢንጂነሯ ደግሞ ለካስ እንደዋዛ አልተወችውም። ከመዝገቡ ሃያ ቤት መርጣ በራሷ እግር ዞራ አንኳኳች። አንድም ስህተት አላገኘችም። ከበላዮቿ ጋር ተሟግታ “ከቤት የቀሩ” እንዲቆጠሩ አስወሰነች። በመጨረሻው ስብሰባ ንድፉን ግድግዳው ላይ ለጥፋ “ጎዳናው ተመርጧል፤ የእግረኛ መንገዱ ስፋት አንድ ሜትር ከሃያ ይሆናል” ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቦርሳዎች ተነሱ።

“አንድ ነገር ብቻ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በፍቅር ነው የተሳቀው።

“ሜትር ከሰማንያ ቢሆን” አሉ ክቡርነታቸው።

“ለአንድ ሰው አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃል ጋሼ። ቦታውም ጠባብ ነው። ለምን ሜትር ከሰማንያ?”

የአርባ ደቂቃው ሰውዬ የመቶ ሃምሳ ሰባት ሰው ጉዳይ ያለ እፍረት አንብበዋል፣ የገዛ ቤታቸው ላይ ሲደርሱ ግን አፋቸው ተያዘ። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “እንዲሁ ነው… ሰፋ ቢል ደግ ነው ብዬ ነው” አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው እንደ ሰው ዝቅ ብሎ። ተቀመጡ።

አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ሲሚንቶ አንዴ ከፈሰሰ ማን ያሰፋዋል? ብዕሬን አስቀመጥኩና እጄን አነሣሁ። ኢንጂነሯ ማንን እያመለከትኩ እንደሆነ ለማየት ዞር ዞር አለች።

“አንድ ነገር ብቻ” አልኩ።

ብድግ አልኩ። “ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ልክ ነሽ። ግን ሁለት ሰዎች እያወሩ ሊሄዱበት ቢፈልጉስ? ፊት ለፊት ካልተያዩ መነጋገር የማይችሉ ሰዎች አሉ። ፊትና ኋላ ሆነው ከሄዱ አንድ ቃል አይለዋወጡም። ሃያ ቤት አንኳኩተሻል፣ ማንን እንደምል ታውቂያለሽ። ለእነሱ መንገድ ማለት ሜትር ከሰማንያው ነው።”

ኢንጂነሯ ክቡርነታቸውን አየቻቸው። እሳቸው ጫማቸውን ያያሉ። ወደ ንድፉ ዞረችና የቦዩን መስመር በጣቷ ተከተለች።

“ቦዩን በሲሚንቶ ክዳን ብንከድነው ስልሳ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን” አለች። ከዚያ ወደ እኔ፦ “ጻፊው።”

ቃለ ጉባኤው ውስጥ የገባው ይኼ ብቻ ነው። እኔ ያልኩትን የጻፈ የለም፤ ጸሐፊዋ እየተናገረች ነበራ።

መንገዱ ባለቀ በሳምንቱ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉዳይ ሳይኖረኝ ሄድኩ። የፀጉር አስተካካዩ እናት ሱቁ በር ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ልጃቸውን ያዝዛሉ። ትንሽ አለፍ ብሎ ክቡርነታቸውና ባለቤታቸው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እሷ በአጥሩ በኩል፣ እሳቸው በመኪናው መንገድ በኩል። ሹራቧን አልያዙም። ቆባቸው የለም፤ ፀጉራቸው ዛሬ የተቆረጠ ይመስላል። እጃቸውን እያወራጩ፣ ከቦዩ ክዳኖች አንዷ በሁለት ጣት ከፍ ማለቷን ጎዳናው ሁሉ እስኪሰማ ይነግሯታል። “በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር ብቻ ነው የምላቸው! አንድ ነገር!”

እሷ ቆመች። ወደ እሳቸው ዞረችና ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው።

“ቀስ በል እንጂ፣ ምን ያስጮህሃል?” አለቻቸው። “እያየሁህ እኮ ነው።”

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሏት አልሰማሁም፣ አልጻፍኩትምም።