እስከ ደረቴ የታጠረው ሳሎን

አባቶች ልጅ አንወድም። የምንወደው የተኛ ልጅ ነው። ተቆጡ… እጠብቃለሁ። ተቆጥታችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር መልሱልኝ፦ ልጃችሁ ተኝታ ስታዩዋት “እንዴት ታምራለች!” የምትሉትን ያህል፣ ነቅታ የስልካችሁን ቻርጀር ስትልስ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ተቀመጡና ስሙኝ።

የእኔዋ ሶስና ትባላለች፤ አሥረኛ ወሯን ይዛለች። መዳህ የጀመረች ቀን ባለቤቴ ሰላም እልል አለች፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ሞኝ! ምን እንደሚመጣብኝ ባውቅ ኖሮ እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም እል ነበር። በሦስተኛው ቀን የጫማ ማሰሪያዬን ስታኝክ ያዝኳት። በሳምንቱ ደግሞ ለዚህ ጋዜጣ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ሁለተኛ ገጽ በላችው። አዘጋጁ ያን ሳምንት “ጽሑፍህ አጠር ብሎ አምሮበታል” አለኝ።

ችግሩ የመጣው ሰላም ያለ ደመወዝ ያራዘመችውን የወሊድ ፈቃድ ጨርሳ ጤና ጣቢያ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው። ነርስ ናት። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ማለትም በሰፈራችን በጠባሴ አነጋገር ሥራ የለኝም። ስለዚህ ደረቴን ነፋ አድርጌ “እኔ እጠብቃታለሁ” አልኩ። ሰላም ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ቦርሳዋን አነሣች።

አማቼ እማማ አስካለ ግን መልስ ነበራቸው። የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ዛሬ ብቻቸውን አንኮበር የሚኖሩ ሴት ናቸው። በእነሱ ቤት የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አያት ጋ ማደጉ ደንብ ነው። በስልክ እንደነገሩን ከሆነ ሶስናን ወስደው ያሳድጓታል፤ ሮጣ በእግሯ ስትመጣ እንረከባታለን። ሰላም ስልኩን ዘግታ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እናቷን እንቢ ብላ አታውቅም። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺ ቻርጀር ላሽ ልጅ ከቤቴ ስትወጣ ሳስብ ቻርጀሬን አንሥቼ አየሁት። ቻርጀሩን ደርቆ ሳየው ምን ልሆን ነው?

ብዙ ተለምነው በአንድ ነገር ተስማሙ። ከወንድማቸው ከአባ ሐብተ ማርያም ጋር እሑድ ይመጣሉ፤ የልጅቷን አያያዝ በዓይናቸው ያያሉ፤ ካልጣማቸው ይዘዋት ይሄዳሉ። አባ ደግሞ ቄስም፣ አጎትም፣ ሽማግሌም ናቸው። እሳቸው ያሉት ነገር ይግባኝ የለውም።

ቀረን አሥር ቀን። እኔም መፍትሔ ፍለጋ ስልኬ ላይ ተጣድኩ። አንድ ቪዲዮ አገኘሁ፦ አንዲት እናት ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች፣ ልጇ አጠገቧ በትንሽዬ የእንጨት አጥር ውስጥ ተቀምጦ ኳስ ይጫወታል። እናትየው ፈገግ ብላለች። ልጁ ፈገግ ብሏል። እኔም ፈገግ አልኩ! ስለ ነገሩ የጠየቅኋቸው ወዳጆቼ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ “ልጅን እንደ ወንጀለኛ?” አለኝ፣ ገሚሱ “የት ይሸጣል?” አለኝ። ሁለተኞቹ ልጅ ያላቸው ነበሩ።

ወደ ሰፈራችን አናጺ ወደ ጋሽ ሽፈራው ሄድኩ። አልጋና አግዳሚ ወንበር ሲሠራ የኖረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። እኔ ግን አበዛሁ። ርብራቡ ከጣት በቀር እጅ እንዳያሳልፍ አልኩት። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይሁን፣ ነገ ቆማ እንዳትንጠላጠልበት አልኩት። የበሩ የእንጨት መወርወሪያ ከውጭ ይሁን፣ ያውም ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፤ ከላይ ከሆነ አድጋ እጇን አሻግራ ትከፍተዋለች አልኩት። ብልጠቴን አያችሁልኝ? ልጅ ከውስጥ ሆና ልታደርገው የምትችለውን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ!

ስፋቱን ሲጠይቀኝ “አራት በሦስት” አልኩት።

እዚህ ላይ ስለ አስተዳደጌ ትንሽ ላውራችሁ። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። በአባቴ ቤት ርዝመት ማለት ክንድ ነው። ጋቢ በክንድ፣ መቀነት በክንድ፣ ከቤታችን እስከ ጎረቤት አጥር ያለው መሬት እንኳ በክንድ ነበር የሚለካው። ሜትር የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ለፈተና ይጠናል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። “አራት በሦስት” ስል በልቤ ሶስና ከነአሻንጉሊቶቿ ተመችቷት የምትቀመጥበትን ቦታ በክንዴ ለክቼ ነው። ጋሽ ሽፈራው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ “እርግጠኛ ነህ?” አለኝ። እኔም ቆጣቢ እንዳልመስል ብዬ “ትንሽ ሰፋ ቢልም አይከፋም” አልኩት።

ዓርብ ዕለት አጥሩን እንዲገጥም ቁልፉን ትቼለት ሶስናን ክትባት ላስወጋ ሄድኩ። ስንመለስ ሳሎናችን የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ታጥሯል። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሠርጋችን ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ ሳይቀር አጥሩ ውስጥ ነው። ውጭ የቀረው ከመግቢያው በር እስከ መኝታ ቤቱ የሚወስድ ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ላቡን እየጠረገ ቆሟል።

“ሶፋችሁ እንዳይጉላላ ብዬ ውስጥ አድርጌላችኋለሁ” አለኝ።

እኔም ሜትር ሳይሆን ክንድ ማለቴ እንደነበረ ነገርኩት። ጋሽ ሽፈራው እጄን አየው፣ ከዚያ የራሱን እጅ አየ።

“የማን ክንድ?” አለኝ።

በኮላም በምስማርም አያይዞት ስለነበር ሰኞ መጋዝ ይዞ መጥቶ ሊያሳጥረው ተስማማን፤ በቃሉም ተገኝቷል። ግን እንግዶቹ የሚመጡት እሑድ ነበር። ሰላም ማታ ከሥራ ስትገባ መተላለፊያው ላይ ቆማ ብዙ ሰዓት ወደ ሶፋዋ አየች። እኔም “ቢያንስ ሰፊ ነው” አልኳት፤ አላጽናናትም።

እሑድ ደረሰ። ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እንዴት እንደምታደርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁ ደግሞ አትምጡ። ጠዋት የባልዲው ውሃ በረዶ ሠርቶ ነበር። ሰላም እስከ ስድስት ሰዓት ተረኛ ስለነበረች እንግዳ የመቀበሉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ደጅ ከሰል አቀጣጥዬ፣ ፍም ሲሆን ምድጃውን አስገብቼ መተላለፊያው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። እሳት ከውጭ፣ ልጅ ከውስጥ! በሥራዬ ኮርቼ ሁለት ጊዜ እየተመላለስኩ አየሁት።

እንግዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ደረሱ። እማማ አስካለ ለሶስና በሶ ይዘውላት መጥተዋል። አቅፈው አገላብጠው ስመዋት ሲያበቁ ቀና ብለው አጥሩን አዩት። አዩት፣ አዩት… ከዳር እስከ ዳር አዩት።

“ይኼ ምንድን ነው?” አሉ።

“ለደኅንነት ነው እማማ። ወጥታ እሳት እንዳትነካብን።”

“ሶፋውም መዳህ ጀመረ?”

አባ ሐብተ ማርያም የተማሩ ሰው ስለሆኑ ጎንበስ ብለው መወርወሪያውን ስበው በሩን ከፍተው ገቡ። ሌላ መቀመጫ የለማ! እማማ ተከተሏቸው፣ ሶስናን ምንጣፉ ላይ አስቀመጧት፤ እኔም ገባሁ። አባ ቆመው መስቀላቸውን አወጡ። ተራ በተራ ተሳለምን፣ ከዚያ አንገታችንን ደፍተን ምርቃት ተቀበልን። አባ ሲመርቁ አይሰስቱም። ለቤቱ፣ ለትዳሩ፣ ለብዕሬ፣ ለከብቶቻችን ሳይቀር መረቁ። ከብት የለንም፤ ቢሆንም አሜን አልኩ።

በመጨረሻው አሜን ላይ ከኋላዬ እንጨት በእንጨት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ዞር ስል ሶስና ከአጥሩ ውጭ ናት። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ስንመረቅ እሷ በክፍቱ በር እየዳኸች ወጥታለች። በሩ በራሱ ገጥሟል። ከውጭ፣ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ልክ በአንዲት የምትድህ ልጅ ዓይን ትክክል ደግሞ ያ ብልጥ አባቷ ያሠራላት መወርወሪያ አለ። ወደዚህ አለችው፣ ወደዚያ አለችው፣ ወደዚህ መለሰችው። ከዚያ ሰለቻትና ተወችው። ተቆልፎ!

መጀመሪያ ሳቅን። አባ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ሶስና ፊቷን አዞረችና ያን ቀይ ነገር አየችው።

ከምድጃው ያላት ርቀት አምስት ክንድ ቢሆን ነው፤ በማንኛችሁም ክንድ። ርብራቡ እጅ አያሳልፍም፣ እኔው ነኝ ያልኩት። ከላይ ተንጠልጥሎ መወርወሪያው ጋ የሚደርስ እጅ የለም፣ ይህንንም እኔው ነኝ ያልኩት። ሶፋው ላይ ወጣሁና አንድ እግሬን በአጥሩ አሻገርኩ። ሁለተኛውን ሳነሣ ሱሪዬ ምስማር ያዘው። ወደፊት አልል፣ ወደኋላ አልል፤ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። “ሶሲ፣ ተይ!” ብዬ ጮኽኩ። ልጄ ድምፄን ስትሰማ የማሳድዳት መስሏት በሳቅ ፈነዳችና ፍጥነቷን ጨመረች። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እናንተ ላይ አይድረስ።

እማማ አስካለ አልጮኹም። ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ርብራቡ ላይ ለጠፉ፣ በነጠላቸውም ተሸፈኑ።

“አያቴ የለችም” አሉ በቀስታ። “አያቴ የት ሄደች?”

ሶስና ቆመች። እማማ ነጠላውን ገለጥ አድርገው “ይቺውና” አሉ። ሳቀች። ደግመው ተሸፈኑ፤ “አያቴ የት ሄደች?” ልጅቷ እጇን ከወለሉ እንዳነሣች አንዴ ምድጃውን፣ አንዴ ነጠላውን አየች። ከዚያ ዞረችና ወደ ነጠላው እየዳኸች መጣች፤ ጣቶቿን በርብራቡ አሾልካ ጫፉን ያዘች። እማማ ያን ጫፍ አለቀቁም፤ እሷም አለቀቀችም።

ይህ ሲሆን አባ መቋሚያቸውን ገልብጠው በአጥሩ አናት አሻግረዋል፤ በመስቀለኛው ጫፍ መወርወሪያውን ይፈልጋሉ። እኔ ከላይ ሆኜ “ወደ ግራ አባ፣ ትንሽ ወደ ግራ” እላለሁ። በዚያን ቀን ለቤተሰቤ ያበረከትኩት አስተዋጽኦ ይኸው ነው። እንጨቱ ተንሸራተተ፣ በሩ ተከፈተ፤ እማማ ለመነሣት ጊዜ ሳያጠፉ ድኸው ወጡና ልጅቷን ደረታቸው ላይ ለጠፏት።

ሰላም የገባችው ይሄኔ ነው። እናቷ ወለል ላይ፣ አጎቷ መቋሚያ ገልብጠው፣ ባሏ አጥር ላይ።

“አንተ እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?” አለችኝ።

“ልጅ እየጠበቅኩ ነው” አልኩ።

አወረዱኝ፤ ሱሪዬ ግማሹ እዚያው ቀረ። ምድጃው ደጅ ወጣ፤ እኛም ጋቢ ተከናንበን ሶፋው ላይ ተደረደርን። አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እንግዲህ የመጣንበትን ጉዳይ እንነጋገር” አሉ። ስንት ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ዘመናዊ አስተዳደግ፣ ስለ አባት ፍቅር። ሁሉንም ተውኩት። የሶስና እጅ ከወለሉ ተነሥታ የቆመችበት ነው ዓይኔ ላይ ያለው።

“ይውሰዷት እማማ” አልኩ። “እሳቱን ከእሷ አጠርኩ ብዬ ራሴን ነው ያጠርኩት። የሆነ ነገር ብትሆንብኝ ኖሮ…” ሰላም ፊቷን አዞረች።

እማማ አስካለ የሰላምን እጅ ይዘው እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰቡት። ክርኗ አጠገብ የድሮ ጠባሳ አለ። ስጠይቃት ሁልጊዜ “ልጅ ሆኜ ነው” የምትለኝ ነው።

“ይቺ ስትቃጠል እኔ እዚያው ነበርኩ” አሉ። “እናቴም ነበረች፣ እህቴም ነበረች። ሦስት ሴቶች ዙሪያዋን ተቀምጠን እያወራን ነው ፍሙ ላይ የወደቀችው። አንዳችን አንዳችንን አምነን።” ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ደባበሱት። ሰላም እናቷ ይህን ሲናገሩ የሰማችው ያን ዕለት ነው፤ ትከሻቸው ላይ ተደፋች።

አባም “ታዲያ ልጅቷ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?” አሉ።

“ትቀራለች” አሉ እማማ።

ከሶፋው ዘልዬ እግራቸውን ልስም ስል በእጃቸው ገቱኝ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ እኔ እዚያ እንደሌለሁ ሆነው፣ በረጅሙ ተነፈሱ።

“የዛሬውን ሚኒባስ ብቻህን ተሳፈር፤ ልብሴን ትልክልኛለህ። ልጅቷንስ አንኮበር ወስጄ እጠብቃታለሁ፣ አያቅተኝም። እሱን እዚህ ማን ይጠብቅልኛል?”