እትዬ የሺን ለማስነሳት

ደም የማይፈስበት፣ እብጠት የሌለው ሕመም በእኛ ሰፈር ሕመም ተብሎ አይቆጠርም። በክራንች የሚሄደውን "እግዜር ይማርህ" እንለዋለን፤ ጤነኛ መስሎ የሚሠቃየውን ግን እናማዋለን። እናንተም ታሙታላችሁ፣ አትዋሹኝ።

ጎረቤቴ እትዬ የሺ ሐኪሙ "ሳያቲካ" ያለው ነገር አለባቸው። ከወገባቸው ይነሳና በመቀመጫቸው በኩል እስከ እግር ጣታቸው ይነዝራቸዋል። ይተዋቸዋል፤ ዳንኩ ሲሉ ይመለሳል። ብዙ አይቀመጡ፣ ቶሎ ቶሎ እየተነሱ ይንቀሳቀሱ ተብለዋል። አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ታክሲ እያሳለፉ ሲቆሙ ሰዉ "ጋቢና ካልሆነ አይሳፈሩም፣ ኩራታቸው!" ይላል። እኔ ግን ግራ እግራቸውን ሰረቅ አድርገው ሲያሳርፉት አይቻለሁ። የማላየው ነገር የለም።

አምና ባላቸው ጋሽ ታፈሰ ሞቱ። እትዬ የሺም እንደ ወጉ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ያ ነገር መጣባቸው። ሊነሱ ሲሉ የሟች እህት እመት ብዙነሽ ክንዳቸውን ያዙ።

"አፈሩ ሳይደርቅ ወዴት ልትንጎራደጂ ነው? ሰው ምን ይላል!"

ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰዉ ሐዘኑ ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቸው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ሕመሙን ሲያስታምሙ፣ ለባላቸው የሚሆን ዕንባ እንኳ አልተረፋቸውም።

መቼም ታውቃላችሁ፣ ባለሐዘን ከፍራሹ ቢነሳ የማይታማው አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲገባ ነው። ብድግ ብሎ አብሮ ያለቅሳል። እኔም በጓሮ በር ሹልክ ብዬ ወጣሁና "ወይኔ ጋሽ ታፈሰ!" እያልኩ በፊት ለፊት ተመልሼ ገባሁ። እትዬ የሺ በሰው ተደግፈው ተነሱና አንገቴን አቀፉኝ።

"አንቺ፣ አሁን እዚህ አልነበርሽም?" አሉኝ በጆሮዬ።

"ነበርኩ። እግርዎን ያፍታቱ፣ ሳይቸኩሉ ያልቅሱ።"

ያኔ ዕንባቸው መጣ። የእኔም፣ በውሸት የጀመርኩት፣ አልቆም አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለጎረቤት ሴቶችም ገባቸውና ሁላችንም በየተራ እየወጣን እየጮህን እንገባ ጀመር። እመት ብዙነሽ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ወንድሜ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳለው አላውቅም ነበር" አሉ።

ድንኳኑ ፈረሰ። ዘመድም ወደየቤቱ ሄደ። እትዬ የሺ ከጋሽ ታፈሰ ባዶ ወንበር ትይዩ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። አሁን ማን ያስነሳቸው? ሄጄ አንኳኳለሁ። ወገባቸውን ይዘው፣ እያጉረመረሙ መጥተው ይከፍታሉ።

"ደግሞ ምን ፈለግሽ?"

"ጨው አልቆብኝ፣ እትዬ የሺ።"

"ጨው ትቅሚያለሽ እንዴ አንቺ ሴትዮ!" ይሉና ጓዳ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ።

ቤቴ የተከመረውን ጨው ብታዩ ሱቅ የከፈትኩ ይመስላችኋል። ሰፈሩም "ጨው እንኳ መግዛት የምትሰስት" እያለ ያማኛል አሉ። ይማኝ። እትዬ የሺ ተነስተዋል።