የግድግዳው አድናቂ

ግድግዳ የሚያደንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ አለኝ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ መምህር።

የአካባቢው ባላባት ያሠሩት የእርሻ ቤት በአብዮቱ ተወርሶ የቀበሌ ጠላ ቤት ሆኗል። ባልደረባዬ ሲገባ ሰላምታ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለግድግዳው ነው። በጣቱ እያንኳኳ፣ “ውፍረቱ ክንድ ተኩል ነው፤ ልስኑን እዩት፣ ይህን ሁሉ ክረምት ችሎ አንድ ስንጥቅ የለውም” ይለናል። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተምሮ ይሆን?

ባለፈው ቅዳሜ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ አጠገባችን ተቀመጡ።

“ልስኑን የለሰንነው እኛ ጭሰኞቹ ነን” አሉ።

“እጃችሁ ይባረክ” አላቸው ባልደረባዬ።

“እጁ አይደለም፣ ጭዱ ነው። ባላባቱ ለበሬ ያስቀመጥነውን ጭድ ከየቤታችን አስመጥተው ከጭቃው ጋር አስቦኩን። በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በሬዬ የሚበላው አጥቶ ሞተ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ከሱ በኋላ ብዙም አልቆዩም።”

ባልደረባዬ አፈረ ብላችሁ ነው? ሌላ እንግዳ እስኪገባ ብቻ ነው የጠበቀው። ወዲያው ተነሥቶ ግድግዳውን አንኳኳ።

“ይህ ልስን ለምን እንዳልተሰነጠቀ ታውቃለህ?” አለው እንግዳውን። “ምስጢሩ ጭዱ ነው። ለበሬ ከተቀመጠው ምርጡ ነው የገባበት።”

አያ ደምሴ ጠላቸውን ሳይጨርሱ በትራቸውን አንሥተው ወጡ። እኔስ? ውጭው ብርድ ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ ነፋስ አያስገባም። ጀርባዬን አስደግፌበት ጣሳዬን አስሞላሁ።