ፊት ለፊት የታየ ልብ

ከግዴለሽ ሰው ስህተት ይልቅ የጥንቁቅ ሰው ስህተት የሚያስፈራ ይመስለኛል። ግዴለሹ የሠራውን ሁሉም ደግሞ ያየዋል። ጥንቁቁ የሠራውን ግን ማን ይፈትሻል? «እሱ ካለ አለቀ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ጥንቁቁ እኔው ነኝ። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ሁለቴ ተመልሼ ቁልፉን የምነቀንቅ፣ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ሦስት ጊዜ የምለካ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወልቂጤ ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ፣ ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተው የስፌት መኪናዬን ይዤ ቡታጅራ ልጄ ዘንድ ገባሁ። ልጄ ምሕረት የባዮሎጂ መምህርት ናት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ምሕረት አንድ ቀን ድረ ገጽ ልትሠራ መሆኑን ነገረችኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪዎቿ ይሸመድዳሉ እንጂ አይገባቸውም፤ ስለዚህ በአማርኛ አብራርታ በነጻ ልታስቀምጥላቸው ነው። የት ነው የምታስቀምጪው አልኳት። ኢንተርኔት ላይ አለች። ኢንተርኔቱስ የት ነው? ሰርቨር ላይ። ሰርቨሩስ? ውጭ አገር። እንግዲህ የቡታጅራ ተማሪ የቡታጅራ መምህርት የጻፈችውን ለማንበብ ውጭ አገር ደርሶ ይመለሳል፤ ያውም ያለ ፓስፖርት። ዘበኛ አለው ወይ ስላት ሳቀች። «አባዬ፣ ነጻ ማለት እኮ በር የለውም ማለት ነው» አለችኝ። በር የሌለው ትምህርት ቤት። ቁልፍ ለሚነቀንቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ከተማሪዎቿ አንዷ ሐያት ዓይነ ስውር ናት። የመስቃን ገጠር ልጅ ናት፤ ቡታጅራ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ምሕረት ክር እያስገባችልኝ ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ባለፈው ወሰነ ትምህርት ባዮሎጂ ወድቃ፣ «የአሁኑንም ከወደቅኩ ትምህርቱ ይቅርብኝ፤ ቤቴ ገብቼ በርበሬ እቀነጥሳለሁ» ብላለች። ምሕረት ይህን ስለሰማች ትምህርቱን ሁሉ በድምፅ ቀዳችላት። የቸገራት ስዕሉ ነበር። ለማያይ ሰው ስዕል በቃል ይነገራል፤ ማን ይናገረው? እኔ። «እኔ ስዕሉን ሳየው የማየው የማውቀውን ነው፤ አንተ ግን የምታየውን ብቻ ነው የምታየው» አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የመጀመሪያው ስዕል ልብ ነበር። በመዝሙር የምናውቀውን ልብ ከቶ አይመስልም። እኔ ያየሁት አራት ኪስ ነው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። በላዩና በታቹ መካከል ክዳን አለ፤ ደም ወደ ታች ያስገባል እንጂ ወደ ላይ አይመልስም። ከታችኞቹ አንዱ ገበር እንደገባለት ኮት ወፍራም ነው። እስከዚህ ድረስ ኮራሁ። ከዚያ በኋላ ዞረብኝ። ወፍራሙ ኪስ ያለው ከስዕሉ በስተቀኝ ነው፤ ልጄ ግን ጎኑ ላይ «ግራ» ብላ ጽፋለች። መነጽሬን ወልውዬ አየሁ። ወረቀቱን ዘቅዝቄ አየሁ፤ ባሰብኝ። የምበላበትን እጄን አነሳሁ። ቀኜ ይህ ነው፤ ወፍራሙም በዚያው በኩል ነው። እንግዲያው ልጄ ተሳስታለች። አባት ምን ያደርጋል? በር በሌለው ትምህርት ቤት፣ ዓለም እያያት ትዋረድ? ምንም ሳልነግራት ድምፄን ስቀዳ፣ «ወፍራሙ የቀኙ ነው፤ ተጠንቀቁ» አልኩ። ተጠንቀቁ ማለቴን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። ምሕረት ሳታዳምጠው ድረ ገጹ ላይ ጫነችው። እኔ ካልኩ አለቀ።

ያኔ ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ሆኖ፣ ይደራጅ ነበር። የሐያት ቡድን ድምፄን ስልክ ላይ ጭኖ፣ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ሰማው። ፈተናው በተሰጠ ማግስት ምሕረት ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ከልብ አራት ክፍሎች ግድግዳው ወፍራም የሆነው የትኛው ነው ብላ ጠይቃ፣ ከዚያ ቡድን አምስቱ የታችኛው ቀኝ ብለዋል። ስዕሉ መጽሐፋቸው ላይ አለ። «አምስት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራው ሲኮራረጅ ነው፤ ዜሮ ነው የምሰጣቸው» አለች።

ምን ላድርግ? ተናዘዝኩ። ስዕሉን አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። «አባዬ፣ ልቡ እኮ የሰው ነው። ሰውየው ፊት ለፊትህ ቆሟል፤ የእሱ ግራ በአንተ ቀኝ በኩል ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ስትለካ የት ነበር የቆምከው?» የቀኝ ኪስ ስሰፋ በቀኝ በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ እጄ ያውቃል ማለት ነው። የማላውቀው እኔ ነኝ።

ወዲያው ሐያት ታወሰችኝ። ዓይን ያላቸውን እንዲህ ካሳትኳቸው፣ ከድምፄ በቀር ሌላ የሌላት ልጅ ምን ትሆናለች? ያ በርበሬ ታየኝ። ሐያትስ አልኩ፣ እየፈራሁ። «እሷ ብቻ ናት ከቡድኑ ያገኘችው» አለች ምሕረት።

በማግስቱ ጠርቼ ጠየቅኳት። «አባባ፣ አይቆጡኝም?» አለች መጀመሪያ። አልቆጣም አልኩ። «ዩኒፎርሜን ሲለኩኝ ‹ቀኝ እጅሽን ዘርጊ› ይሉና የሚነኩኝ ግራዬን ነበር። ግራ ሲሉ ደግሞ ቀኜን። ሌላው ሰው እጅዎን እያየ ይዘረጋል፤ እኔ የምሰማው አፍዎን ነው። ስለዚህ ያሉትን ገልብጬ መለስኩ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወልቂጤ ሰው ምንም ሳይለኝ እጁን ሲዘረጋ ኖሯል ማለት ነው።

አምስቱ ከዜሮ ተረፉ። እኔም እንደገና ቀዳሁ፤ «ወፍራሙ የግራው ነው፤ ግራ ማለት የባለ ልቡ ግራ እንጂ የሚያየው ሰው ግራ አይደለም» ብዬ። ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። ምሕረትም አዳመጠችው። አሁን ሰላም አገኘሁ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሐያት እኮ እኔ ያልኩትን ሁሉ ትገለብጣለች። ትክክሉንም ትገለብጠዋለች። የማጠቃለያው ፈተና ደግሞ ደርሷል።

ቤቱን ቆለፍኩ፤ አንዴ ብቻ ነቀነቅኩና በጥድፊያ ሄድኩ። በሯ ላይ አገኘኋት። ሐያት ልጄ፣ አርሜዋለሁ፣ ከእንግዲህ አትገልብጪ፣ ግራ ስል ግራ ነው አልኳት።

«እሺ አባባ» አለች፤ «ግን አሁን ይህን ሲሉኝ ፊት ለፊቴ ነው የቆሙት ወይስ አጠገቤ?»

ዝቅ ብዬ እግሬን አየሁ። ከዚያ ዞሬ አጠገቧ ቆምኩና እንደገና ነገርኳት።